ሐይቅ፣ ባቲ፣ ላሊበላ ወይስ እዚያው ደሴ? በትንሽ ብር ከጓደኛ ጋር ወጣ ብሎ ለመመለስ

ሥራዬ ጥለት መንደፍ ነው። እኔ በባለ ካሬ ደብተር በእርሳስ እሞላለሁ፣ ሸማኔው በማግ ይሞላዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ ያልኩትን ንድፍ ይዤ ብሄድ፣ ብዙ ዘመን አብሬያቸው የሠራሁት ሸማኔ ደብተሩን አገላብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ ይሄን እኮ ለጥምቀት ሠርቼልሻለሁ፤ ቀለሙን ብቻ ነው የቀየርሽው» አሉኝ። ቤት ገብቼ የድሮውን ገጽ አወጣሁት። እውነታቸውን ነው። እንዲያውም ከዚያ በፊት ለነበረው ፋሲካም ያው ነበር።

ጓደኛዬ ደግሞ ክራር ትጫወታለች፤ ሠርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና ላይ። የእሷ ችግር ሌላ ነው። «ጣቴ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል፤ እኔ ስለ እራት እያሰብኩ ዘፈኑ ያልቃል» ትላለች። ሁለታችንም ደሴ ነን፣ ሁለታችንም ደመወዝተኛ አይደለንም። ከዚያ ወዲህ አጋጣሚ ባገኘን ቁጥር ወሎን ሳንለቅ ሁለት ሦስት ቀን ወጣ ማለት ጀመርን። ከታች የማነጻጽራቸው ቦታዎች ሄደንባቸው ያየናቸው ናቸው፤ ያልሄድንበት ካለ እነግራችኋለሁ።

ዋጋ አልጽፍም። የአልጋውም የመኪናውም ዋጋ እኔ ጽፌ ሳልጨርስ ይለወጣል። በእሱ ፈንታ የምቆጥረው ሦስት ነገር ነው፦ ስንት ጊዜ መኪና ትቀይራላችሁ፣ ስንት ሌሊት አልጋ ትከፍላላችሁ፣ ሳይከፈልበት የሚታይ ነገር ምን ያህል አለ። ብር የሚፈሰው በእነዚህ በኩል ነው። ምግብ የትም ያው ምግብ ነው፤ በሶና ቆሎ ከቤት ከያዛችሁ፣ ፔርሙስም ካለ፣ ቁርስ ከሒሳቡ ይወጣል።

ከብሩ በፊት ግን የሐሳብ ድርቀታችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩት። ጭንቅላቱ የሞላበት ሰው አለ፤ ሐሳብ ያለቀበት ሰው አለ። የሞላበትን ገበያ ብትወስዱት ይብስበታል። ያለቀበትን ውኃ ዳር ብታስቀምጡት ይተኛል። እኛ ይህን ሳናውቅ መጀመሪያ ሐይቅ ስንሄድ እኔ ያለቀብኝ ነበርኩ፣ እሷ የሞላባት። እሷ ታድሳ ተመለሰች፤ እኔ እንቅልፌን ጠግቤ።

ሐይቅ፦ ለሞላበት

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሚኒባስ፣ ከከተማው እስከ ውኃው ደግሞ ባጃጅ ወይም እግር። ከዚህ የቀለለ ጉዞ የለም። ለብር ብቻ የምታስቡ ከሆነ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስም ይቻላል፤ እኔ ግን ቢያንስ አንድ ሌሊት ብታድሩ እላለሁ፤ የሐይቁ ነገር ያለው ጠዋት ፀሐይ ሳይጠነክር ነውና።

ሐይቁ ጥልቅ ነው፤ ጥልቁ ቦታ 88 ሜትር ይደርሳል። ውኃው የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ እዚያው ነው የሚቀረው። ዳር ላይ ስትቀመጡ ይሄ ይታወቃችኋል፣ ምንም የሚቸኩል ነገር የለም። ወደ ውኃው ገባ ባለው መሬት ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ ድሮ ደሴት ነበር። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ቦታ ነው። የገዳሙ አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» ይባሉ ነበር፤ በቤተ መንግሥትም ትልቅ ሥልጣን የነበረው ማዕረግ ነው። ሰዓት የሚጠብቅ ሰው የነበረበት ቦታ ሄዶ ስልክ መጎርጎር ደስ አይልም፤ አጥፉት።

ሴቶች ገዳሙ አይገቡም። ይህን ቀድማችሁ እወቁ፤ በተለይ ወንድና ሴት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ አንደኛችሁ ገብታችሁ ሌላኛችሁ ውጭ ልትቀሩ ነው። ለወንዶች የሚያስቀና ነገር አለ፤ በኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተጻፈ ሥዕል ያለበት ወንጌል የዚያ ገዳም ሀብት ነው። እኛ ሁለት ሴቶች ስለሆንን ዳር ቀረን፤ አልተከፋንም።

በሁለተኛው ጉዟችን ዳር ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ መረብ ሲጠግን አገኘን። መረቡን በእግሩ አውራ ጣት ወጥሮ ይዞታል። መረቡ ነጭ ነው፤ መጠገኛው ክር ግን ሰማያዊ፤ ነጩ አልቆበት ይመስለኛል። ቀዳዳው ክብ ነበር፤ እሱ ግን ክቡን ክብ አድርጎ አይሞላውም፤ ከአንዱ ጥግ ጀምሮ በሰያፍ፣ እያንዳንዱን ዓይን እየቋጠረ ወደ ታች ይወርዳል። ሲጨርስ በነጩ ላይ ሰማያዊ ደረጃ የመሰለ ነገር ቀረ፤ ጫፉ ያልተስተካከለ። ደብተሬን አውጥቼ ካሬ በካሬ ቀዳሁት። ጓደኛዬ አጠገቤ ሆና ምንም አልሠራችም፤ ክራሯንም አላመጣችም። ማታ ላይ ግን፣ «ሲቋጥር ሦስት ፈጣን አንድ ዘገምተኛ ነው፤ ሰምተሽዋል?» አለችኝ። እኔ አልሰማሁም፤ እያየሁ ነበር።

ያንን ንድፍ ለሸማኔው ሳሳያቸው፣ «ይሄ ጥለት ነው ወይስ ጥገና?» አሉኝ። ሠሩት ግን።

ምሳ ዓሣ ነው። አንድ ሙሉ ቆሮሶ ጥብስ ከእንጀራ ጋር ለሁለት ይበቃል፤ ሁለት አትዘዙ። (ቆሮሶው ራሱ ለሐይቁ እንግዳ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረው። አሁን ግን ያለ እሱ ሐይቅን የሚያስብ የለም።) በጾም ወራት ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ከፍ ይላል፣ አንዳንድ ቀንም በጊዜ ያልቃል።

ጉድለቱ ቅዳሜና እሑድ ነው። ሙሽራ ይመጣል፣ ሽርሽረኛ ይመጣል፣ ድምፅ ማጉያ ይመጣል። አንድ ቅዳሜ የያዝነው ክፍል መስኮቱ ከመጠጥ ቤት በላይ ነበር፤ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ያው አንድ ዘፈን ተደጋገመብን። ጓደኛዬ ከንዴቷ የተነሳ ምቱን በጣቷ ግድግዳው ላይ እየቆጠረች አደረች። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ሂዱ፤ አልጋ ከመክፈላችሁ በፊትም መስኮቱን ከፍታችሁ ከታች ምን እንዳለ እዩ።

ባቲ፦ ላለቀበት

ባቲ ሰኞ ነው። ሌላ ቀን ባቲ ከተማ ነው፣ ሰኞ ግን ገበያ ነው። ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ፦ መጀመሪያ የሄድነው ማክሰኞ ነው። ሜዳው ላይ የግመል ፋንድያ፣ የተበጣጠሰ ሲባጎና ሁለት ውሻ አገኘን። ሻይ ጠጥተን ተመለስን። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ እስከ ዛሬ ትነግረኛለች።

ከደሴ ቁልቁል ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ባቲ 40 ያህል። አንድ ጊዜ ብቻ መኪና ትቀይራላችሁ። ንጋት ላይ ከወጣችሁ ረፋዱ ላይ ደርሳችሁ፣ ከሰዓት ገበያው ሲበተን ትመለሳላችሁ፤ የአልጋ ወጪ ዜሮ። በብር ካየነው ከደሴ ለሚነሳ ሰው ሐይቅ ሄዶ ከማደር ይሄ ይረክሳል። መቸኮል የማትወዱ እሑድ ማታ ኮምቦልቻ እደሩ፤ ከደሴ ሞቅ ይላል፣ መንገዱም ሜዳ ስለሆነ ማታ ለመንሸራሸር ይመቻል።

ገበያውን እንዲህ ያደረገው አቀማመጡ ነው። ደጋው የሚያልቅበት፣ የአፋር ቆላ የሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው የተቀመጠው። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ፣ ጨውም ይዞ ከታች ይወጣል፤ ደገኛው እህሉን ጭኖ ከላይ ይወርዳል። ኦሮምኛ፣ አፋርኛ፣ አማርኛ በአንድ ዋጋ ክርክር ውስጥ ሲቀያየሩ ትሰማላችሁ፤ ሰውየው በአንዱ ይለምናል፣ በሌላው ይቆጣል። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ ስሙን ከዚህ መውሰዱ አይገርምም። ሌላው አምባሰልም የወሎ ተራራ ስም ነው። ጓደኛዬ ባቲን ስንት ዓመት ተጫውታዋለች፤ ሰኞ ባቲ ቆማ ያየችው ግን ያን ጊዜ ነው።

እኔ ግመል ተራ ብዙ አልቆየሁም። ሰው ሁሉ ግመል ያያል። እህል ተራ አንዲት ጤፍ ሻጭ ጎን ተቀምጬ እጇን አየሁ። ጣሳውን ትሞላና ቁልል ታደርገዋለች፤ ቁልሉ ከጣሳው በላይ እንደ ጎጆ ክዳን ይሾላል። ገዢዋ ስታይ ገና ትንሽ ትጨምርበታለች። ከዚያ ወደ ገዢዋ ጆንያ ልታፈስስ ስታዘነብል በአውራ ጣቷ ከቁልሉ ጫፍ ላይ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ራሷ ትመልሳለች። ገዢዋም ታያታለች። ሁለቱም ይስቃሉ። አሥር ጊዜ ያህል አየሁት፤ አሥሩንም ጊዜ ሳቁ። ጫፉ የተቆረጠ ሦስት ማዕዘን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥለቴ ላይ አለ።

ባቲ ርካሽ የሚሆነው እጃችሁ ኪስ ካልገባ ነው። ሁሉም ነገር ያምራል፣ ሁሉም ነገር የሚረክስ ይመስላል፤ ቅል፣ ቅመም፣ ሸማ፣ ጨሌ። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ሁለት ቅል ገዝታ አንዱ ሚኒባስ ውስጥ ተሰበረ። የምትገዙትን ከቤት ወስናችሁ ሂዱ።

ሙቀቱን አትናቁ። ከደሴ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ግንቦትና ሰኔ ላይ እኩለ ቀን ደብተር ላይ ላብ ይንጠባጠባል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ደህና ነው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ በተለይ የአፋር ሴቶችን። መሳል ይሻላል። ሕፃናት ይከቧችኋል፣ ሥዕሉን ያርሙላችኋል፤ «ግመሉ እግሩ እንዲህ አይደለም» ብሎ እርሳሱን የተቀበለኝ ልጅ ከእኔ የተሻለ ሣለ።

ላሊበላ፦ ሥራ ለጀመረ ብቻ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አይስማማኝም። ስለ ማረፍና ስለ መነቃቃት ሲነሳ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠራው ላሊበላን ነው። እኔ በደረቃችሁ ጊዜ አትሂዱ እላለሁ።

አንደኛ ብሩ። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከወልድያ ጋሸና፣ ከጋሸና ወደ ላሊበላ ሌላ 60 ምናምን፤ ሦስት መኪና ማለት ነው። መሄጃ አንድ ቀን፣ መመለሻ አንድ ቀን ስጡት። ሦስት ሌሊት ካላደራችሁ መንገድ ለመንገድ ነው የዋላችሁት። አስጎብኚ ለሁለት ተከፍሎ ይቀላል፤ ያዙ፣ ይጠቅማል። በገና ሰሞን በትንሽ ብር አስባችሁ ከሆነ ተዉት፤ አገር ምድሩ ስለሚተም አልጋ አይገኝም፣ የተገኘውም በእጥፍ ነው። ቅዳሜ እዚያ ብትሆኑ የገበያ ቀኑ ነው፤ ሳትከፍሉ የምታዩት ይጨመርላችኋል።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥብኛል። ላሊበላ ይጫናል። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩት ከላይ ወደ ታች አለት እየተፈለፈለ ነው። እኛ በጥለት ማግ እየጨመርን እንሠራለን፤ ብንሳሳት ይፈታል። እነሱ እየቀነሱ ነው የሠሩት፤ አንድ ዓምድ ቢሳሳቱ የሚመልሱት ነገር የለም። ቤተ ጊዮርጊስ ጠርዝ ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ የተሰማኝ መነቃቃት አይደለም፣ ሥራዬ ማነሱ ነው። ቤተ ማርያም ውስጥ ጣሪያውና ቅስቶቹ ላይ ያለውን ጌጥ አንገቴ እስኪያመኝ ቀዳሁ። ተመልሼ ዓመት ሙሉ ከዚያ ከቀዳሁት ሌላ መሥራት አቃተኝ። ገበያተኛው ወደደው፤ እኔ ግን የራሴን አላየሁበትም።

በሦስተኛው ዓመት ግማሽ የሠራሁትን ይዤ ስሄድ ነገሩ ተለወጠ። ጥያቄ ይዤ ስለነበር የፈለግሁትን አንድ ነገር ብቻ አየሁ፦ መስኮቶቹ አንድ ዓይነት ሆነው እንዴት እንደማይሰለቹ። እሱን አይቼ ወጣሁ። ስለዚህ የተጀመረ ሥራ ያላችሁና የተቆለፈባችሁ ሂዱ። ባዶ ደብተር ይዛችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። ለሙዚቀኛ ደግሞ ጓደኛዬ የምትለው ሌላ ነው፤ ሌሊት ተነስቶ ማሕሌት መስማት ብቻውን የመንገዱን ድካም ይክሳል ትላለች። በዚህ ተከራክረን አልጨረስንም።

እዚያው ደሴ

ደሴ ለማይኖር ሰው ደሴ ራሷ ጥሩ ምርጫ ናት፦ አንድ አልጋ፣ ከዚያ ሁሉም በእግር። ጠዋት ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲገፈፍ፣ ከሰዓት ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ፤ ሰው ሳይለይ ሁሉም ይበላበት ስለነበር ነው ስሙ ይባላል። ማታ ፒያሳ። ጋቢ ያዙ፤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ።

ለእኛ ለነዋሪዎቹ ግን ደሴ ላይ ማረፍ አይቻልም። ስልክ ታጠፊያለሽ፣ ጎረቤት ያንኳኳል። «ቡና ጠጪ» ከተባልሽ አቦል ብቻ ጠጥቶ መነሳት ነውር ነው፤ ቶና አለ፣ በረካ አለ፣ ከዚያ ምርቃቱ። ቀኑ አለቀ። እጃችን ባዶ በነበረ ጊዜ ያገኘነው መላ ቤት መለዋወጥ ነው፤ እኔ ሁለት ቀን እሷ ቤት፣ እሷ እኔ ቤት። የሰው ወጥ ቤት፣ የሰው መስኮት፣ የሰው ጎረቤት ድምፅ። ወጪው የሚኒባስ ብቻ ነው። እሷ የእኔን የልብስ ስፌት መኪና ፔዳል ረግጣ ረግጣ አንድ የእስክስታ ምት አውጥታለች፤ መኪናው ግን ቀበቶው ተበጥሶ ጠበቀኝ።

ሌሎቹን በአጭሩ። ግሸን ማርያም የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው፣ መስከረም 21 ምእመናን ይጎርፋሉ፤ ለስለት ሂዱ እንጂ ለሽርሽር አታስቡት። ወደ ወልድያ ለሚያልፍ፣ በ1881 የውጫሌ ውል የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ ውጫሌ አጠገብ ስለሆነ ጎራ ማለት ይቻላል፤ ለብቻው ግን ጉዞ አይወጣውም። ቦረና ሳይንት ፓርክ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አለ፤ ድንኳንና ጊዜ ላለው ይመስለኛል፣ እኛ አልሄድንም።

ስለ ጓደኛው

ቦታውን ከመምረጥ ይልቅ ሰውን መምረጥ ይከብዳል። ገንዘብ ያበደራችሁትን ወይም የተበደራችሁትን ሰው ይዛችሁ አትሂዱ፤ እያንዳንዱ ሻይ ሒሳብ ይሆናል። እኛ እኩል እኩል አዋጥተን አንድ ፖስታ ውስጥ እናደርገዋለን፣ ፖስታውን የምትይዘው እሷ ናት፤ እኔ ገንዘብ አያያዝ አላውቅም። ከፖስታው ውጭ የሚወጣ የለም። ካለቀ እንመለሳለን፤ አንድ ጊዜ ከሐይቅ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ተመልሰናል።

ሌላው ዝምታ ነው። ከነጋ እስከ ምሳ ስለ ሥራ አይወራም። ማታ እኔ አንድ ገጽ አሳያታለሁ፣ እሷ አንድ ነገር ታንጎራጉራለች፤ ጥሩ ነው መጥፎ ነው መባባል የለም። የመጀመሪያ ጊዜ ይሄን አልተስማማንም ነበርና ለሁለት ቀን ስለ ደንበኞች አወራን። ደንበኞቹን ይዘናቸው ሐይቅ የሄድን ያህል ነበር።

ከአዲስ አበባ የምትመጡ 400 ኪሎ ሜትር አለባችሁ፤ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴ አድርጎ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ለመንገድ ብቻ ሁለት ቀን ጨምሩ፣ ላሊበላን ደግሞ ከዕቅዱ ሰርዙት። ከየትም ብትነሱ ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ቀን መናኸሪያ ወርዳችሁ ሹፌሮችን «መንገዱ እንዴት ነው?» በሉ፤ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። መታወቂያም አትርሱ፣ ያለ እሱ አልጋ የለም።

ተገድጄ አንድ ምረጪ ብባል፣ አንድ ቀንና ጥቂት ብር ላለው ባቲ። ሁለት ሦስት ቀን ካለና ጓደኛሞቹ ሁለቱም ከደከሙ ሐይቅ። አንዱ ሞልቶበት አንዱ ካለቀበት፣ እንደ እኛ፣ ሁለቱን አያይዙት፦ ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቅ ደርሳችሁ፣ ጫጫታውን ታግሳችሁ፣ የእሑድን ጠዋት ውኃ ዳር አሳልፉ፤ ማታ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ እደሩ፤ ሰኞ ባቲ። ከሐይቅ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ደሴን መልሳችሁ ታልፋላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ ቀጥታ ነው። እኛም የዚህ ወር ዕቅዳችን ይሄው ነው። ፖስታው ውስጥ ካለፈው ጉዞ የተረፈ አለ፤ እሷ ለቅል አይበቃም ትላለች።